እግሬን ያመኛል፦ ስለ እግር ችግሮችና ሕክምናቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እግር ሲያም ሰው ቶሎ አያሳይም። «ጫማው ነው»፣ «ብዙ ስለቆምኩ ነው»፣ «ያልፋል» እየተባለ ወራት ይሄዳሉ። በመጨረሻ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ደግሞ ካልሲያቸውን እያወለቁ «ይቅርታ፣ እግሬ ጥሩ አይደለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። እግር የሚያክም ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የወፈረ ጥፍርና የደደረ ቆዳ ነው።

ከታች ያሉት ታካሚዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹን ሲያነቡ አንድ ነገር ሲመላለስ ያያሉ። የሚያመውን ቦታ ማከም የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያ ቦታ ለምን እንደታመመ ማወቅ ነው።

እግሬን ለማሳየት የትኛው ሐኪም ጋ ልሂድ?

እግርን ብቻ የሚያክም ባለሙያ ፖዲያትሪስት ይባላል። በአቅራቢያዎ ካለ ከእሱ ይጀምሩ። ከሌለ ችግሩ መንገዱን ይነግርዎታል። ቆዳና ጥፍር ከሆነ የቆዳ ሐኪም፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ከሆነ የአጥንት ሐኪም፣ ጡንቻና ጅማት ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ያያል። የቱ እንደሆነ ካላወቁ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ እሱ ይመራዎታል።

ጥሩ ምርመራ የታመመውን ጣት ብቻ አይቶ አያበቃም። ሁለቱም እግሮች ይታያሉ። የደም ዝውውሩን ለማወቅ ሁለት ቦታ ላይ የልብ ምት ይዳሰሳል፤ አንዱ በእግር ጀርባ ላይ፣ ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ። ሲራመዱ ይታያሉ። የጫማዎ ሶል ተገልብጦ የት የት እንዳለቀ ይታያል። አንድ እግር 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። አንዱ ሥራውን በትክክል ካልሠራ ጫናው ወደ ሌላው ስለሚሄድ፣ የሚያመው ቦታና የችግሩ ምንጭ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ምንድን ነው?

ይህን ያህል የሚጠየቅ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል። ታሪኩም አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ከአልጋ ወርዶ መጀመሪያ ሲረግጥ ተረከዙ ሥር ቢላዋ የተሰካ ይመስለዋል። ግድግዳ ይዞ እያነከሰ መታጠቢያ ቤት ይደርሳል። ሲመለስ ሕመሙ ቀለል ብሎለታል። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሲነሳም ያው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ፕላንታር ፋሻይተስ የሚባለው ነው። ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች የሚዘልቅ ጠንካራ ጅማት መሰል ሽፋን አለ። የእግርን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጎተት፣ ከተረከዙ ጋር የተያያዘበት ቦታ ይጎዳል። ሌሊት ስንተኛ ይኮማተራል። ጠዋት ሙሉ ክብደታችን ባንዴ ሲያርፍበት ሳይዘጋጅ ይለጠጣል፤ ያ ነው የሚወጋው።

ቀኑን ሙሉ የሚቆሙ ሰዎች፣ ክብደት የጨመሩ፣ ሩጫ ባንዴ ያበዙ፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ የሚያዘወትሩና ባታቸው የተወጠረ ሰዎች ላይ ይበዛል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከማሳሳብ ነው። አንድ ቀላል እንቅስቃሴ ልንገርዎት። ጠዋት ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ይቀመጡ። የታመመውን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ያድርጉ። የእግርዎን ጣቶች በእጅዎ ይዘው ወደ ቅልጥምዎ አቅጣጫ ይሳቡ። ውስጥ እግርዎ ሲወጠር በሌላው እጅዎ ይሰማዎታል። እስከ 10 ቆጥረው ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ በኋላ ነው መሬት የሚረገጠው። የባት ማሳሳቢያም ይጨመርበታል። ባለሙያው ተረከዝን የሚደግፍ የጫማ ውስጥ ሶል ሊያዝ፣ እግርን በቴፕ ሊያስር ወይም ሌሊት የሚደረግ መደገፊያ ሊሰጥ ይችላል።

በዚህ ካልተሻለ ቀጣይ ደረጃዎች አሉ። የስቴሮይድ መርፌ (ስቴሮይድ እብጠትንና ቁጣን የሚቀንስ መድኃኒት ነው) ሕመሙን ለሳምንታት ያስታግሳል። ነገር ግን ሲደጋገም ሽፋኑን ሊበጥስ፣ ተረከዝ ሥር ያለውን የስብ ትራስም ሊያሳሳ ስለሚችል በቁጠባ ነው የሚሰጠው። ለወራት የቆየ ሕመም ሾክዌቭ በሚባል የድምፅ ሞገድ ሕክምና ሊታከም ይችላል። ቀዶ ጥገና የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለጥቂቶች ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ሕመም ትዕግሥት ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፣ ግን ከ6 እስከ 12 ወር ሊፈጅ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «ለውጥ የለውም» ብለው ማሳሳቡን የሚተዉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሥራው ገና እየጀመረ ነበርና።

ኤክስሬይ ላይ ተረከዜ ሥር አጥንት በቅሏል ተባልኩ። መውጣት አለበት?

በአብዛኛው የለበትም። እንዲህ ያለ የአጥንት ሹል ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም ይታያል። የሚያመው ብዙ ጊዜ ሹሉ ሳይሆን ከላይ ያልኩት ሽፋን ነው። ሹሉ እዚያው እያለ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

ጣቴ ላይ የደደረ ቆዳ አለ። በምላጭ እቆርጠዋለሁ፣ ይመለሳል። ለምን?

ምክንያቱ ስላልተነካ ነው። ቆዳ ደጋግሞ ሲፈገፈግና ሲጫን ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ሰፋ ብሎ ተረከዝ ወይም ውስጥ እግር ላይ ሲሆን መደደር እንለዋለን። ትንሽ፣ ክብና ጠንካራ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚወጋው ደግሞ ኮርን ይባላል። ኮርን የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጣት ከጫማ ጋር በሚፋተግበት ወይም ሁለት ጣቶች በሚጫጫኑበት ቦታ ነው።

ባለሙያው ጋ ምን እንደሚደረግ ላሳይዎት። ቦታው ይጸዳል። ከዚያ በቀዶ ጥገና ምላጭ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በጣም ስስ እየተደረገ ይላጣል። የደደረው የሞተ ቆዳ ስለሆነ ስሜት የለውም፤ ደምም አይወጣም። ትንሽ ሲላጥ መሃሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫማ ፍሬ ብቅ ይላል። ሲራመዱ እንደ ጠጠር የሚወጋዎት እሱ ነው። ፍሬው በምላጩ ጫፍ ዙሪያውን ተከቦ ይወጣል። ብዙ ታካሚ በዚያው ቅጽበት ቆሞ ይራመድና «አለቀ?» ይላል። አንዳንዱ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሕመም መርገጡ ነው።

ነገር ግን ያው ጫማ ከተጫማ ኮርኑ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ጫናውን ማንሳት ነው። ሰፊ ጫማ፣ በጣቶች መሃል የሚገባ ሲሊከን ወይም ስፖንጅ፣ አንዳንዴ ጫናን የሚያከፋፍል ልዩ ሶል ይታዘዛል። የታጠፈ ጣት ከጫማው ጣሪያ ጋር እየተፋተገ ከሆነ ጣቱን የሚያስተካክል ቀዶ ጥገና ሊታሰብ ይችላል።

ቤትዎ ውስጥ ማድረግ የሚችሉት እግርን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ በመፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ማሸትና የሚያለሰልስ ክሬም መቀባት ነው። ምላጭ ግን ይተውት። የራስን እግር ጎንበስ ብሎ በምላጭ መላጥ፣ ስንት ቆዳ እንደቀረ ሳያዩ መቁረጥ ነው። አሲድ ያለበትን የኮርን ፕላስተር የስኳር ሕመም ወይም የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ፈጽሞ አይለጥፍ። ጤነኛውን ቆዳ ጭምር አቃጥሎ ቁስል ያመጣል።

ኮርን ይሁን ኪንታሮት በምን አውቃለሁ?

ሁለት ምልክቶችን ይዩ። ከላይ ቀጥ አድርገው ሲጫኑት የበለጠ የሚያም ከሆነ ኮርን ሊሆን ይችላል። ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት የበለጠ የሚያም ከሆነ ወደ ኪንታሮት ያደላል። ኪንታሮት ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ እነሱ በውስጣቸው ደም የረጋ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። የቆዳ መስመሮችም ኪንታሮቱ ጋ ሲደርሱ ይቋረጣሉ።

ኪንታሮት የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ይተላለፋል። በተለይ ልጆች ላይ ያለ ሕክምና በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሕክምና ካስፈለገ መጀመሪያ የሚሞከረው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ በየቀኑ፣ እስከ 12 ሳምንት። ሌላው በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ሲነካ ያቃጥላል፣ በኋላ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይደገማል። ውስጥ እግር ላይ ያለ ኪንታሮት ግትር ነው። ባንዴ ካልጠፋ ሐኪሙ አላወቀበትም ማለት አይደለም።

የአውራ ጣቴ ጥፍር ወደ ሥጋ ገብቶ መግል ይዟል። ጥፍሩ ይነቀላል?

ሙሉው ጥፍር የሚነቀልበት ጊዜ አሁን ጥቂት ነው። ሰው ግን «ይነቅሉብኛል» ብሎ ስለሚፈራ ሳምንታት ያሳልፋል፤ ጣቱም እያበጠ፣ ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ እያመመው ይቆያል።

ገና ሲጀምር ከሆነ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ሰፊ ጫማ ማድረግ፣ ባለሙያው ደግሞ የጥፍሩን ጠርዝ ቀስ ብሎ አንስቶ ከሥሩ ትንሽ ጥጥ ማስገባት ሊበቃ ይችላል።

ቀይ ሆኖ፣ አብጦ፣ ሥጋ ጎኑ ላይ በቅሎ ከሆነ የጥፍሩ ጠርዝ ብቻ ይወጣል። እንዲህ ነው የሚደረገው። በጣቱ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል። ከሕክምናው ሁሉ የሚያመው ይህ ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጣቱ ይደነዝዛል። ባለሙያው ነካ ነካ አድርጎ እንደማይሰማዎት ያረጋግጣል። ደም እንዳይፈስ የጣቱ ሥር በጎማ ይታሰራል። ከዚያ የገባው የጥፍር ጠርዝ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ከጫፍ እስከ ሥር ተሰንጥቆ ይወጣል። ታካሚው ያን ቁራጭ ሲያይ ይገረማል። ያን ሁሉ ሕመም ያመጣው እንደ እሾህ የሾለ ትንሽ ነገር ነው።

ቁራጩ ብቻ ከወጣ ጠርዙ ተመልሶ ያድጋል። ስለዚህ ጥፍር የሚበቅልበት ሥር ላይ ፌኖል የሚባል ኬሚካል ይቀባል። ያ ጠርዝ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም፤ ጥፍሩ ትንሽ ጠበብ ብሎ ይቀራል። በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቁስሉ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ መሰል ነገር ያወጣል፤ ፋሻው በታዘዘው መሠረት መቀየር አለበት።

አንቲባዮቲክ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል። አንቲባዮቲክ ደጋግመው ከወሰዱና ካልተሻለዎት፣ ጠርዙን ማስወጣት እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ።

ታዲያ ጥፍር እንዴት ይቆረጣል?

ቀጥ ተደርጎ። ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ አጥልቀው አይቁረጡት፤ ሹል የሆነውን ጥግ በሞረድ ማለስለስ ይበቃል። በጣም አያሳጥሩት። ከታጠቡ በኋላ ሲለሰልስ መቁረጥ ይቀላል።

ጥፍሬ ቢጫ ሆኗል፣ ወፍሯል፣ ይፈረፈራል። ፈንገስ ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን በዓይን ብቻ አይታወቅም። በጠባብ ጫማ የተጎዳ ጥፍር፣ ሶሪያሲስ በሚባለው የቆዳ ሕመም የተነካ ጥፍር፣ በዕድሜ የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ ይመስላሉ። ስለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከጥፍሩ ተቆርጦና ከሥሩ ተፍቆ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። ይህን እርምጃ መዝለል ፈንገስ ለሌለው ሰው ለወራት የፈንገስ መድኃኒት መስጠት ሊሆን ይችላል። የመመርመር መብትዎን አይተዉት።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ በብዛት የሚታዘዘው ተርቢናፊን ነው። ለአዋቂ በቀን 250 ሚሊግራም፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ይወሰዳል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይንገሩ። ጥፍሩ ጫፍ ላይ ብቻ የተነካ ከሆነ ወይም መዋጥ የማይችል ሰው ከሆነ የሚቀባ አለ። እሱ ግን እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ውጤቱም ዝቅ ይላል። ባለሙያው የወፈረውን ጥፍር በማሽን ሞርዶ ሲያሳሳው ጫማ ማድረግ ይቀላል፣ የሚቀባውም መድኃኒት በተሻለ ይገባል።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ «ጥፍሬ አሁንም ያው ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። መድኃኒቱ የተበላሸውን ጥፍር አያድስም፤ የሚያደርገው አዲሱ ንጹሕ ሆኖ እንዲያድግ ነው። ከሥሩ በኩል ጤነኛ ጥፍር ብቅ ማለቱን ይመልከቱ፤ እሱ ነው ምልክቱ።

በጣቶቼ መሃል ያሳክከኛል፣ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጣል።

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የእግር ቆዳ ፈንገስ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ብዙ ጊዜ በአራተኛውና በትንሿ ጣት መሃል ነው፤ ጠባብና እርጥብ ስለሆነ። የተርቢናፊን ክሬም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ክሎትሪማዞል ደግሞ እስከ አራት ሳምንት ይቀባል። ማሳከኩ ቢቆምም የታዘዘልዎትን ቀን ይጨርሱ። ስቴሮይድ ብቻ ያለበትን የማሳከክ ቅባት አይቀቡበት፤ ለጊዜው ያስታግስና ፈንገሱን ያስፋፋል።

ከታጠቡ በኋላ የጣቶችን መሃል አንድ በአንድ ያድርቁ። ይህች አንዲት ልማድ ብዙ ፈንገስ ታስቀራለች።

እግሬ በጣም ይሸታል። በየቀኑ እታጠባለሁ፣ አልተወኝም።

ይህን ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። የንጽሕና ጉድለት ነው ብለው ስለሚያፍሩ ነው። ላብ ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሸተው ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ላቡንና የሞተ ቆዳውን ሲያፈራርሱት ነው።

ውስጥ እግርዎን ብርሃን ላይ ይመልከቱ። በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ትናንሽ ጉድጓድ ካለ ባክቴሪያው ቆዳውን እየበላው ነው ማለት ነው። ይህ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታልና በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ላቡ ከመጠን በላይ ከሆነ አልሙኒየም ክሎራይድ ያለበት መቀቢያ ማታ በደረቀ እግር ላይ ይደረጋል። ያ ካልበቃ እግርን ውኃ ውስጥ አድርጎ ደካማ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ሕክምና አለ። አንድ ጫማ ሁለት ቀን አያከታትሉ፤ እስኪደርቅ ጊዜ ይስጡት።

ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ቫዝሊን ይበቃል?

ቫዝሊን ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ የደደረውን ቆዳ አያሳሳም። ዩሪያ የሚባል የደደረ ቆዳን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር ያለበት ክሬም ይሻላል፤ ከ10 እስከ 25 በመቶ ያለው ለተረከዝ ይሆናል። ማታ ቀብተው ካልሲ ያድርጉበት። ስንጥቁ የደማ ወይም ሲረግጡ የሚያም ከሆነ ባለሙያው በመጀመሪያ የወፈረውን ጠርዝ ይላጠዋል። ስንጥቁ የሚከፈተው ወፍራሙ ቆዳ መለጠጥ ስላቃተው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስንጥቁ ለኢንፌክሽን የተከፈተ በር ነውና ቶሎ ይታዩ።

የአውራ ጣቴ አጥንት ወደ ጎን ወጥቷል፣ ጣቱ ወደ ሌሎቹ ዘምሟል። ማስተካከያ ልግዛ?

በጣት መሃል የሚደረገው ሲሊከን ሆነ ሌሊት የሚታሰረው ማስተካከያ ሕመም ሊቀንስ ይችላል። የዘመመ አጥንት ግን አይመልስም። ችግሩ በዘር የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጠባብና ተረከዘ ረጅም ጫማ ያባብሰዋል።

ካላመመዎት መልኩን ብቻ ለማስተካከል ቀዶ ጥገና አይጣደፉ። ሰፊ ጫማና ሶል አድርገውም እየባሰ፣ መራመድ እያስቸገረ ከመጣ ግን አጥንቱን ቆርጦ፣ አቅንቶ፣ በብሎን የማሰር ቀዶ ጥገና አለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ልዩ ጫማ ይደረጋል፣ እብጠቱ ወራት ይቆያል። ከመወሰንዎ በፊት በእነዚያ ሳምንታት ማን እንደሚያግዝዎት፣ ሥራዎስ ምን እንደሚሆን ያስቡበት።

ስራመድ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስለኛል። ጫማውን ሳራግፈው ምንም የለም።

ሕመሙ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት ሥር ከሆነ፣ ጣቶቹም የሚደነዝዙ ወይም የሚያቃጥሉ ከሆነ ሞርተን ኒውሮማ ሊሆን ይችላል። በአጥንቶቹ መካከል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቆ ወፍሯል ማለት ነው። ጫማ ሲወልቅ መለቀቁ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሕክምናው ጣት የማይጨምቅ ጫማ፣ ነርቩን የሚያሳርፍ ድጋፍ፣ ካልሆነ መርፌ፣ በመጨረሻም ቀዶ ጥገና ነው።

የልጄ እግር ጠፍጣፋ ነው። ልዩ ጫማ ያስፈልገዋል?

ሁሉም ሕፃን ማለት ይቻላል ጠፍጣፋ እግር አለው፤ ቅስቱ የሚወጣው ሲያድግ ነው። ልጁን በጣቶቹ ጫፍ እንዲቆም ይንገሩትና ከኋላ ይዩት። ቅስት ከታየ እግሩ ተጣጣፊ ነው። ካላመመውና እንደ እኩዮቹ ከሮጠ ሕክምና አያስፈልገውም። ልዩ ጫማ ቅስት አይፈጥርም። የሚያመው፣ የሚያነክስ፣ አንዱ እግሩ ብቻ ጠፍጣፋ የሆነ ወይም በጫፉ ቆሞም ቅስት የማይወጣለት ልጅ ግን ይታይ።

የስኳር ሕመም አለብኝ። እግሬን ስለማያመኝ ደህና ነኝ አይደል?

አለመታመም ለእርስዎ ማረጋገጫ አይሆንም። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህኛውን ያንብቡ።

ለረጅም ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር የእግርን ነርቮች ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም ይጠፋል። ሕመም ደግሞ ጠባቂያችን ነው። ሚስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ የዋለ፣ ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ የደነገጠ ሰው አለ። አልተሰማውም። የደም ዝውውሩም ከተዳከመ ያች ትንሽ ቁስል አትድንም፤ ትሰፋለች፣ ትመረቅዛለች። እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ካለች ትንሽ ቁስል ተነስቶ ነው።

ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግርዎ መመርመር አለበት። ምርመራው አያምም። ዓይንዎን ይጨፍናሉ። ባለሙያው የናይለን ክር የመሰለች ነገር ውስጥ እግርዎን የተለያየ ቦታ ላይ ይነካል። ክሯ በ10 ግራም ጫና ላይ የምትታጠፍ ናት። ሲሰማዎት «አዎ» ይላሉ። ዝም ያሉባቸው ቦታዎች ስሜት የጠፋባቸው ናቸው። ንዝረት መስማትዎ በሹካ መሰል ብረት፣ የደም ዝውውርዎ ደግሞ በልብ ምት ይፈተሻል።

ስሜት ከጠፋ በየሌሊቱ እግርዎን ይመልከቱ፤ ውስጥ እግርዎን ማየት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ ወይም ቤተሰብ ያይልዎት። ባዶ እግርዎን አይሂዱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ጫማ ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ይዳብሱ። የውኃ ሙቀት በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ። ክሬም ይቀቡ፣ በጣቶች መሃል ግን አይቀቡ።

ቁስል ከወጣ በራስዎ አያክሙ። ባለሙያው የሞተውን ሥጋ ያነሳል፣ ኢንፌክሽን ካለ ያክማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁስሉ እንዳይረገጥ ያደርጋል። ለዚህ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ልዩ ጄሶ ወይም ቡት ይጠቀማል። ምርጥ ቅባት ተቀብቶ በቁስሉ ላይ እየተራመዱበት አይድንም።

ሌሊት ባንዴ አውራ ጣቴ አብጦ እሳት ሆነብኝ። አልተመታሁም።

ሪህ ሊሆን ይችላል። ዩሪክ አሲድ የሚባል በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሲሠራ የሚመጣ ነው። በማስታገሻና ኮልቺሲን በሚባል መድኃኒት ይታከማል፤ ከተደጋገመ ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት በቋሚነት ይታዘዛል። የመጀመሪያዎ ከሆነ ሳይዘገዩ ይታዩ። የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽንም እንዲሁ ይመስላል፣ እሱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

እግርዎ ባንዴ ከቀዘቀዘና ከገረጣ ወይም ከጠቆረ። መቅላቱ ወደ ላይ እየሰፋ ትኩሳት ከያዘዎት። ወለምታ ነው ብለው ካሰቡት ጉዳት በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተዎት። አንድ ባትዎ አብጦ ካመመዎት፤ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የስኳር ሕመም ኖሮብዎት አንድ እግርዎ ከቀላ፣ ከሞቀና ካበጠ፣ ባያምም ይሂዱ፤ አጥንቱ ከውስጥ እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል፣ እስኪታዩም አይርገጡበት።

የድንገተኛ ባይሆንም ቸል የማይባል ሌላ ምልክት አለ። ሳይመታ ጥፍር ሥር የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም ውስጥ እግር ላይ ቅርጹን የሚቀይር ጥቁር ነጥብ። የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው።

ጫማ ስገዛ ምን ልመልከት?

ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር እየዋለ ያብጣል። ሁለቱንም እግር ቆመው ይለኩ፣ ትልቁን እግር ይከተሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይቅር። «ሲለበስ ይሰፋል» የተባለ ጫማ አይግዙ። እስኪሰፋ ድረስ የሚሸከመው የእርስዎ ጣት ነው።

ለቀጠሮዬ ምን ይዤ ልሂድ?

በብዛት የሚያደርጉትን ጫማ፤ አዲሱን ሳይሆን ያለቀውን። የጥፍር ቀለም ካለዎት አስቀድመው ያስለቅቁ፤ የጥፍሩ መልክ መታየት አለበት። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለበት። ሕመሙ የሚመጣውና የሚሄደው ከሆነ መቼ እንደሚብስ ለጥቂት ቀናት ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ያበጠ ወይም የቀላ ጊዜ ፎቶ ያንሱት። ቀጠሮው ቀን ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ባለሙያው የሚያየው ነገር ይኖረዋል።